ስለ ሟች የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1926 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ፣ አንድ ፖሊስ ጥቅል ተሸክሞ የሚሄድ የወደብ ሠራተኛ አስቆመ። ጥቅሉ ሲፈታ የተቆረጠ የሴት አካል ተገኘበት፤ ቀሪው አስከሬን ቤቱ ነበር። ሰውየው አልካደም። ማታ ከሴትዮዋ ጋር ሲጠጡ ተጣልተዋል፤ ሲነቃ ሞታ አገኛት፤ ገድያታለሁ ብሎ ደነገጠና አስከሬኑን ሊያስወግድ ቢላ አነሣ። ለፖሊስ ነገሩ ያለቀለት ጉዳይ ነበር።

ለቻርልስ ኖሪስ ግን ገና አላለቀም። የከተማዋ ዋና የሞት መርማሪ ሐኪም የሟቿን ፊት ልብ ብሎ ሲያይ ነገሩ አላምርህ አለው። ደሟ ፈስሶ ያለቀ ሴት ፊቷ መገርጣት ሲገባው ቀልቷል። እንዲህ ያለው ቅላት የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት ነው። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጂን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጂን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ደሙንም ደማቅ ቀይ ያደርገዋል። የሞተ ሰው ደግሞ አይተነፍስም። ስለዚህ ጋዙ በደሟ ውስጥ ካለ፣ ቢላው ሳይነካት በፊት በሕይወት ሳለች ስባዋለች ማለት ነው። የኖሪስ የሥራ ባልደረባ ኬሚስቱ አሌክሳንደር ጌትለር ደሙን መርምሮ ጋዙን በብዛት አገኘው። የተጣደ ቡና ገንፍሎ የምድጃውን እሳት አጥፍቶት ኖሯል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት የከተማው የማብሰያ ጋዝ ግን ክፍሉ ውስጥ መፍሰሱን አላቆመም።

ዐቃቤ ሕግ ክሱን ገፋበት። ጁሪው ሰውየውን ከግድያው ነጻ አደረገው፤ የተፈረደበት አስከሬን በመቆራረጡ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢደርስ ኖሮ ሰውየው የሚተርፍ አይመስልም። ያኔ የሰውን አሟሟት የሚመረምረው ኮሮነር የሚባል ሹም ነበርና። ሹመቱ በእንግሊዝ ከ1194 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ከሞት ጋር ተያይዞ ለንጉሡ የሚገባ ገንዘብ እንዳይቀር መጠበቅም ከሥራው አንዱ ነበር። አሜሪካ ይህንኑ ሹመት ወረሰች፤ በኒውዮርክ ኮሮነር የሚሆነው በምርጫ ያሸነፈ ሰው ነበር። ሥጋ ሻጭ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ወተት አከፋፋይ ሳይቀሩ የሰውን አሟሟት ሲወስኑ ኖረዋል። በ1915 የወጣ የከተማው አስተዳደር የምርመራ ሪፖርት ጉዱን አደባባይ አወጣው። በ1918 ሥራው ሜዲካል ኤግዛሚነር ለሚባል ባለሙያ ሐኪም ተላለፈ። ማሳቹሴትስ ይህን ያደረገችው ቀደም ብላ በ1877 ነው። ይሁንና ዛሬም በአሜሪካ ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን አሉ፤ በብዙ ወረዳዎች ኮሮነሩ ሕክምና ያልተማረ ተመራጭ ሊሆን ይችላል። የሰውን ሞት የሚያህል ጉዳይ በድምፅ ብልጫ ላሸነፈ ሰው መተው ለሟችም ለተጠርጣሪም አደገኛ ነው።

የመርማሪው ሥራ በሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው፤ ሁለቱን መለየትም የሙያው ሀሁ ነው። የመጀመሪያው መንስኤ ነው፦ ሰውየውን የገደለው በሽታ ወይም ጉዳት ምንድን ነው? «ልቡ ቆሞ ሞተ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ የማንም ሟች ልብ ይቆማልና። መርማሪው የሚፈልገው ልቡን ያቆመውን ነገር ነው። ሁለተኛው አሟሟት ነው፦ ጉዳቱ እንዴት ደረሰ? በተለመደው አሠራር መልሱ ከአምስት አንዱ ነው፤ በተፈጥሮ፣ በአደጋ፣ በራስ እጅ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ወይም ሊታወቅ ያልቻለ። ጭንቅላትን የመታ ጥይት መንስኤው አንድ ነው፤ አሟሟቱ ግን መሣሪያውን ሲወለውል ባርቆበት፣ ራሱ ተኩሶት ወይም ሌላ ሰው ተኩሶበት ሊሆን ይችላል። ይህን አስከሬኑ ብቻውን አይናገርም። ለዚህ ነው መርማሪው የሞት ቦታውን ማየት፣ የሕክምና ታሪኩን መመልከትና ቤተሰቡን መጠየቅ ያለበት።

«በሌላ ሰው እጅ» የሚለው ቃል ወንጀለኛ ተገኘ ማለት አይደለም። የፕሬዚዳንት ሬገን ቃል አቀባይ ጄምስ ብሬዲ በ1981 በፕሬዚዳንቱ ላይ በተደረገው የግድያ ሙከራ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር፤ ያረፈው በ2014 ነው። የቨርጂኒያ የሞት መርማሪ ጽሕፈት ቤት ሞቱን ከዚያ ከ33 ዓመት በፊት ከደረሰበት ቁስል ጋር አያይዞ አሟሟቱ በሌላ ሰው እጅ ነው ሲል መዘገበ። ዐቃቤ ሕግ ግን በተኳሹ ላይ አዲስ የግድያ ክስ አላቀረበም። ሐኪሙ የሕክምናውን እውነት ይጽፋል፤ ጥፋተኛ ማን ነው የሚለው የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

ፊልሞች ላይ ሐኪሙ አስከሬኑን አንዴ አይቶ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሞቷል» ይላል። እውነተኛው ሥራ እንዲህ አይደለም። የሰውነት ሙቀት ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ መገተር ከመንጋጋ አካባቢ መታየት ጀምሮ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካሉን ይይዛል። ደም ደግሞ ወደ ታችኛው የሰውነት ወገን ወርዶ ቆዳውን ያጠቁራል። መርማሪው ይህን የጠቆረ ቦታ በጣቱ ይጫነዋል። ቦታው ነጣ ብሎ መልሶ ከጠቆረ ደሙ ገና አልረጋም፤ በጣት የማይነጣ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከስምንት ሰዓት በላይ አልፏል። በጀርባው ተኝቶ የተገኘ ሰው ጥቁረቱ ደረቱ ላይ ረግቶ ከታየ፣ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው አገላብጦታል። ብርድ፣ ሙቀት፣ ልብስና የሰውነት ውፍረት ግን ስሌቱን ሁሉ ያዛባሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ የሚሰጠው ግምት ነው፤ «ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ባለው ጊዜ» ብሎ።

በአዲስ አበባ የዚህ ምርመራ ስም ለረጅም ዘመን ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ኖሯል። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ደግሞ ከሥራው ጋር የሚተዋወቁት ብዙውን ጊዜ በድንገተኛ ሞት፣ ለቅሶ ቤቱ በሰው በተሞላበት ሰዓት ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ከመንስኤው ቦታ «በምርመራ ላይ» የሚል ተጽፎ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ የሚደበቅ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው የደም ምርመራ ውጤት ነው፤ እሱም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አስከሬኑ ግን እንደ ደንቡ የአካል ምርመራው እንዳለቀ ለቤተሰብ ይሰጣል፤ ቀብሩ የላቦራቶሪውን ውጤት መጠበቅ የለበትም። ውጤቱ ሲደርስ ወረቀቱ ይታረማል፤ ቤተሰቡም የምርመራ ሪፖርቱን ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ይችላል።