የፋን ኮይል ተከላና ግንኙነት በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች፦ የሕንፃ ባለቤቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በጎንደር ከተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። በአንጻሩ በዳባትና በደባርቅ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ያጋጥማል። በእነዚህ አካባቢዎች ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም የቢሮ ሕንፃ የሚያስገነቡ ባለሀብቶች ከሚመርጧቸው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ዘዴዎች አንዱ ፋን ኮይል ነው። ይህ ማብራሪያ የመሣሪያውን አሠራር፣ በከፍታ ቦታ ሲተከል የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ እንዲሁም ሥራውን ከመረከብ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸውን ጉዳዮች ይዟል።

ፋን ኮይል ምንድን ነው?

ፋን ኮይል በኮርኒስ ውስጥ ወይም በግድግዳ ላይ የሚተከል መሣሪያ ነው። በውስጡ ማራገቢያ፣ ውሃ የሚያልፍበት ጠመዝማዛ ቧንቧ፣ የአየር ማጣሪያ እና የጠብታ ውሃ መቀበያ ሳሕን ይገኛሉ። ውሃው የሚሞቀው ወይም የሚቀዘቅዘው ከክፍሉ ውጭ በሚገኝ ማሽን ሲሆን፣ ለማቀዝቀዝ በአብዛኛው 7 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ይላካል። ማራገቢያው የክፍሉን አየር በቧንቧው ላይ እያሳለፈ ያሞቀዋል ወይም ያቀዘቅዘዋል። በክፍሉ ውስጥ የሚነድ ነገር ስለሌለ፣ በዝግ ክፍል የሚቀመጥ የከሰል ምድጃ የሚያስከትለው የጭስ መመረዝ አደጋ አይኖርም።

ባለ ሁለት ቧንቧ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ለመላው ሕንፃ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ያደርሳል። ባለ አራት ቧንቧው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማድረስ ይችላል፤ ወጪው ግን ከፍ ያለ ነው። በደባርቅ ዋናው ፍላጎት ማሞቅ በመሆኑ ለብዙ ሕንፃዎች ባለ ሁለት ቧንቧው በቂ ሊሆን ይችላል። በጎንደር ግን ፀሐይ የሚያገኘውና ጥላ ያለበት የሕንፃው ገጽ በአንድ ቀን የተለያየ ፍላጎት ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ምርጫው በስሌት መደገፍ ይኖርበታል።

ከፍታ የሚያስከትለው ለውጥ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,130 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ከፍታዎች የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ጋር ሲነጻጸር በቅደም ተከተል ወደ 20 በመቶ እና ወደ 25 በመቶ ይቀንሳል። የማራገቢያው ፍጥነት ባይቀየርም የሚገፋው አየር የሳሳ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በመሆኑም በአምራቹ ካታሎግ 5 ኪሎ ዋት ተብሎ የተመዘገበ መሣሪያ በጎንደር ከዚያ ያነሰ፣ በደባርቅ ደግሞ ይበልጥ ያነሰ አቅም ይኖረዋል። መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም በአብዛኛው የሚሰሉት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ስለዚህ ገዢው ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ለሕንፃው ከፍታ የተስተካከለውን አቅም አቅራቢው በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይኖርበታል።

ከውርጭ መጠበቅ

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ስለሚጨምር ቧንቧን ሊሰነጥቅ ይችላል። አደጋው የሚበረታው በሌሊት መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ነው። በጣሪያ ላይና ከግድግዳ ውጭ የሚያልፉ ቧንቧዎች በሙቀት መከላከያ መሸፈን ይኖርባቸዋል። መሸፈኛው ግን ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በመሆኑም በደባርቅና ከዚያ በላይ ባሉ ቦታዎች ከውሃው ጋር ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለውን የበረዶ መከላከያ ፈሳሽ መቀላቀል አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ይህ ፈሳሽ የውሃውን ሙቀት የመሸከም አቅም ስለሚቀንስ ከዲዛይን ስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት።

የተከላና የግንኙነት ቅደም ተከተል

1. መሣሪያው ክብደቱን በሚችል ማንጠልጠያ ይታሰራል፤ በውሃ ልክም ይስተካከላል። ከኮርኒሱ ሥር ለጥገና የሚከፈት በር ይተውለታል።

2. የመላኪያና የመመለሻ ቧንቧዎች በአምራቹ ምልክት መሠረት ይገናኛሉ። በሁለቱም ላይ መዝጊያ ቫልቭ፣ በመላኪያው ላይ የቆሻሻ ማጣሪያ፣ በከፍተኛው ነጥብ ላይ ደግሞ የአየር ማስወጫ ይገጠማል።

3. የጠብታ ውሃ መውረጃው በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይዘረጋል። ይህ ካልተደረገ ውሃው ወደ ኮርኒሱ ይፈስሳል።

4. ቧንቧው ከመሸፈኑ በፊት የግፊት ፍተሻ ይደረጋል። በተለመደው አሠራር የፍተሻው ግፊት ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ነው። ከዚያም ውስጡ ይታጠባል፤ አየሩም ይወጣል።

5. የ220 ቮልት መስመሩ ራሱን የቻለ ብሬከርና የመሬት መስመር ኖሮት የብቃት ማረጋገጫ ባለው ኤሌክትሪሺያን ይገናኛል።

ከሥራው በፊት የሚሟሉ ጉዳዮች

ሥርዓቱ በሕንፃው ዲዛይን ውስጥ ተካትቶ ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ አካል መቅረብ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዶች መካከል ቁጥር 10 የኤሌክትሪክ ተከላን፣ ቁጥር 11 ደግሞ የአየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣን ይመለከታሉ። የሕንፃው የኃይል ፍላጎት የሚጨምር ከሆነ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የኃይል ማሻሻያ ጥያቄ ይቀርባል።

እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ ዙሪያ የሚገኙ ባለንብረቶች የውጭ ማሽንና ቧንቧ ከማስቀመጣቸው በፊት የቅርስ ጥበቃ አካላትን ማማከር ይጠበቅባቸዋል። ሕንፃው ራሱ የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በርክክብ ወቅት

ባለቤቱ የግፊት ፍተሻውን ውጤት፣ ለከፍታ የተስተካከለውን የአቅም ስሌት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ንድፉን እንዲሁም የጥገና መመሪያውን በእጁ ሊያስገባ ይገባል። ፍተሻው ሊካሄድ የሚገባው በቀን ብቻ ሳይሆን ቅዝቃዜው በሚበረታበት ሌሊትም ጭምር ነው። እነዚህ ሁኔታዎች አስቀድመው በውሉ ውስጥ ቢካተቱና የመጨረሻው ክፍያ ከእነርሱ መሟላት ጋር ቢተሳሰር፣ ባለቤቱ በኋላ ሊደርስበት ከሚችለው ኪሳራ ራሱን መጠበቅ ይችላል።