የታመመ አእምሮን እንዴት እናናግረው?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከቤተሰባችን አንዱ ወባ ይዞት ቢተኛ ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን። ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን፣ አጥሚት እንሠራለታለን፣ ጎረቤትም መጥቶ ይጠይቀዋል። ሕመሙ የአእምሮ ሲሆን ግን ቤታችን ግራ ይጋባል። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ ሌላው ደግሞ ሰው እንዳያይ በር ይዘጋል። ሁላችንም ስለ ሕመምተኛው እናወራለን፤ ከሕመምተኛው ጋር የሚያወራ ግን ይጠፋል። ዛሬ የማነሳላችሁ ይህንኑ ጉዳይ ነው። የሥነ አእምሮ ነርሶች ሕመምተኛን የሚያናግሩበት መንገድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከዚህ ሙያ እኛም በየቤታችን ልንጠቀምበት የምንችለው ብዙ ነገር አለ።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ባለ ጉዳዩ እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት ወጣት ልጃቸውን ይዘው ወደ መስጂድ መጡ። ልጁ ሥራውን ትቷል፣ ከሰው ተለይቷል፣ ጎረቤቶቹ በግድግዳው በኩል ስለ እርሱ እንደሚያወሩ ይናገራል። እኔም አስቀመጥኩትና ለግማሽ ሰዓት ያህል መከርኩት። ስለ ሶብር፣ ስለ ሸይጣን ጉትጎታ፣ ሶላትን ስለ ማዘውተር ነገርኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ዝምታውን እንደ መቀበል ቆጠርኩት። እናቱ መርቀውኝ ሄዱ፤ እኔም ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላው ልጁ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። አላህ አተረፈው።

ልጠይቀው ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጁ አብሬው እንድቀመጥ ፈቀደልኝና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይታ አንዲት ነርስ ገባች። ፊት ለፊቱ አልቆመችም፤ ወንበር ስባ ትንሽ ራቅ ብላ በጎኑ ተቀመጠች። ስሟን ነገረችውና፣ «ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አብሬህ እቀመጣለሁ። ማውራት ከፈለግህ እናወራለን፤ ካልፈለግህም ዝም ብለን እንቀመጣለን» አለችው።

ልጁ ዝም አለ። እርሷም ዝም አለች። ዝምታው ረዘመብኝና አንድ ነገር ልናገር ስል በዓይኗ ከለከለችኝ። በመጨረሻ ልጁ፣ «ግድግዳው ዛሬም ያወራል» አለ።

እኔ ብሆን «ግድግዳ እንዴት ያወራል?» ብዬ እከራከረው ነበር። እርሷ ግን፣ «ለእኔ ምንም ድምፅ አይሰማኝም። አንተ ግን እንደምትሰማ ይገባኛል። ስትሰማው ምን ይሰማሃል?» አለችው።

«እፈራለሁ። ማታ ማታ በጣም እፈራለሁ።»

«ራስህን እንድትጎዳ የሚያዝህ ጊዜ አለ?»

«አለ» አለና አለቀሰ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ያን ጊዜ በሐፍረት ላብ አጠመቀኝ። እኔ በግማሽ ሰዓት ንግግሬ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁትም ነበር።

ለመሆኑ ይህች ነርስ ያደረገችው ምንድን ነው? በሙያው ሕክምናዊ ንግግር ወይም ሕክምናዊ ተግባቦት ይባላል። የሥነ አእምሮ ነርሶች እናት እየተባለች የምትጠራው አሜሪካዊቷ ሂልደጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በነርሷና በሕመምተኛው መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል እንደሆነ አስረዳች። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የነርስ ሥራ የሚመስለው መድኃኒት ማደል፣ ንጽሕና መጠበቅና ሕመምተኛው እንዳይጠፋ በር መጠበቅ ነበር። እርሷ ግን ነርሷ በምትናገረው፣ በምታዳምጠውና በአቀማመጧ ጭምር ታክማለች አለች። ዛሬ ይህ ትምህርት በየአገሩ በነርስነት ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። በአገራችን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የብዙ ሕመምተኞች እንክብካቤ በነርሶች ትከሻ ላይ ነው።

ሕክምናዊ ንግግር ከተራ ወሬ በምን ይለያል? አንደኛ፣ ዓላማው የሕመምተኛው ጥቅም ብቻ ነው። ነርሷ የራሷን ብሶት አታወራም። ሁለተኛ፣ ጊዜው የታወቀ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ካለች አሥራ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች፤ ነገ እመጣለሁ ካለች ትመጣለች። እምነት የሚገነባው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ምስጢር ይጠበቃል። ሆኖም የማትፈጽመውን ቃል አትገባም። «ለማንም አልናገርም» አትልም፤ የእርሱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ለሚያክሙት ሰዎች እንደምትናገር አስቀድማ ታስረዳዋለች። አራተኛ፣ ግንኙነቱ መጀመሪያም መጨረሻም አለው። በትውውቅ ይጀመራል፣ ችግሩን አብሮ በመሥራት ይቀጥላል፣ በስንብት ይዘጋል። ሕመምተኛው የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ ቀደም ብላ ትነግረዋለች እንጂ ድንገት አትጠፋበትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ብዙዎቻችን በቅን ልቦና የምንሠራቸው ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው «አይዞህ» የሚለው ቃላችን ነው። «አይዞህ» መልካም ቃል ነው። ግን ሰውየው ገና መናገር ሳይጀምር «አይዞህ፣ ምንም አይደል፣ ያልፋል» ስንለው አፉን መዝጋታችን ነው። ለእርሱ «ምንም አይደል» አይደለምና። መጀመሪያ እንስማው፣ የተናገረውንም መልሰን እንንገረው፤ «ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ነው ያነጋኸው ማለት ነው?» እንበለው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አይዞህ ክብደት አለው።

ሁለተኛው «ለምን» የሚለው ጥያቄ ነው። «ለምን አትበላም? ለምን ከሰው ጋር አትቀላቀልም?» ስንል ለተጨነቀ ሰው ጥያቄ ሳይሆን ክስ ሆኖ ይሰማዋል። ሕመምተኛው ምክንያቱን ቢያውቀው ኖሮ ባልታመመ ነበር። በዚህ ፈንታ «ሰሞኑን ቀኑ እንዴት ይውልልሃል?»፣ «ከሁሉ በላይ የሚከብድሽ የትኛው ሰዓት ነው?» ብንል በሩ ይከፈታል።

ሦስተኛው ክርክር ነው። አንዲት እናት ልጃቸው «ምግቡ ተመርዟል» ቢላቸው፣ «እኔ እናትህ እመርዝሃለሁ?» ብለው ያለቅሳሉ። ልጁ ግን በዚህ አይረታም፤ እምነቱ ከሕመሙ የመጣ ነውና። በሌላ በኩል እርሱን ለማስደሰት «አዎ፣ ጎረቤቶቹ መርዘውት ይሆናል» ማለትም ሕመሙን ማጽናት ነው። ነርሶቹ መካከለኛውን መንገድ ይይዛሉ። አይከራከሩም፣ አይስማሙም፤ ስሜቱን ይቀበላሉ። «ምግቡ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እንዲህ እያሰቡ መራብ በጣም ያስጨንቃል» ይሉታል። ከዚያም ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ያልተላጠ ሙዝ ያቀርቡለታል፤ ራሱ ልጦ እንዲበላ ማለት ነው። ክርክሩ ቀረ፤ ልጁም በላ።

አራተኛው ስለ ሕመምተኛው በፊቱ እንደሌለ አድርጎ ማውራት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኸው እንዲህ ሆኖላችኋል» እያልን ልጃችንን እናሳያለን። ሕመምተኛ ይሰማል፣ ያፍራል፣ ይቀየማል። «እብድ» የሚለውንም ቃል ከቤታችን እናስወጣ።

ሕመምተኛው ሲረበሽና ሲቆጣ ደግሞ ሁላችን ተሰብስበን አንጩህበት። አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፤ ድምፁ ዝቅ ይበል፤ ቃሉም አጭር ይሁን። አንቅረበው፣ መውጫ በሩን አንዝጋበት፣ የሚጎዳ ዕቃ ከአካባቢው እናርቅ። ነገሩ ከአቅማችን በላይ ከሆነ ሳንዘገይ እርዳታ እንጥራ።

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ጥያቄ አለ። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባበት ይመስለናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በቀስታና በእዝነት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ ብዙ ጊዜ ብቻውን የተሸከመውን ጭነት ያወርድለታል። መልሱ «አዎ» ከሆነ አትደንግጡ፣ አትሳደቡ፣ «ሐራም መሆኑን አታውቅም?» ብላችሁ አትጀምሩ። ስለ ነገርከኝ አመሰግንሃለሁ በሉት። ብቻውን አትተዉት፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ባዕድ ትምህርት ነውን? አይደለም። ኢማም ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ በአእምሮዋ ላይ አንዳች ነገር የነበረባት ሴት ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ጉዳይ እንዳላት ነገረቻቸው። እርሳቸውም በአክብሮት ጠርተዋት፣ ከመንገዶቹ የፈለገችውን እንድትመርጥ ነገሯት፤ ከእርሷም ጋር ወደ መንገድ ዳር ወጥተው ጉዳይዋን እስክትጨርስ ድረስ ቆዩላት። ልብ በሉ፤ ምርጫ ሰጧት፣ በሰው ፊት አላሳፈሯትም፣ ከአደባባይም አልተሰወሩም፣ አላቋረጧትም። የመንግሥትም የኡማውም ጉዳይ በትከሻቸው ላይ እያለ ለእርሷ ጊዜ ነበራቸው።

ከቀደምት ሊቃውንቶቻችንም እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፉት መጽሐፍ፣ ሐዘንን ምክንያቱ የታወቀና ምክንያቱ ያልታወቀ ብለው ከፍለውታል። ለነፍስ ሕመምም ሰው ከውጭ በሌላው ንግግር፣ ከውስጥ ደግሞ በራሱ ሐሳብ እንደሚታከም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ሱልጣን ቀላውን ያሠሩት ታላቅ ሆስፒታል የአእምሮ ሕመምተኞች ክፍል ነበረው። እንግዲህ የአእምሮ ሕመምተኛን አክብሮ ማከም የአያቶቻችንም ሥራ ነው።

«ሩቅያስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘውናል። ሩቅያ መድኃኒት አያስቆምም። በሩቅያ ስም ሕመምተኛን መደብደብ፣ በሰንሰለት ማሰር፣ ማስራብ በደል ነው። ረመዷን ሲመጣም መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ሰዓቱንም በራሳችሁ አትቀይሩ። አንዳንዱ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሊትየም፣ የሰውነት ውሃ ሲያንስ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ከፆሙ በፊት ሐኪሙን ወይም ነርሷን ጠይቁ። ለታመመ ሰው ሸሪዓችን ያገራውን እኛ አናክብድበት።

አስታማሚዎችንም አንርሳ። ነርሶች በፈረቃ ይሠራሉ፤ እናት ግን ፈረቃ የላትም። «ልጅሽ እንዴት ነው?» ካልናት በኋላ «አንቺስ ተኝተሻል?» ብለን እንጠይቃት። አንድ ከሰዓት በኋላ ተክተንላት ብትተኛ ታላቅ አጅር ነው።

ያ ወጣት ዛሬ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ በየወሩ ክትትል ያደርጋል፣ ወደ ሥራውም ተመልሷል። ድምፁ አንዳንድ ጊዜ ይመለስበታል፤ ሲመለስበት ግን ለማን መናገር እንዳለበት ያውቃል። አንድ ቀን አብረን ሻይ ስንጠጣ፣ «ያን ቀን መስጂድ ምን ብልህ ይሻል ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ኡስታዝ፣ ከተኛህ ስንት ቀን ሆነህ ቢሉኝ ኖሮ ሁሉንም እነግርዎት ነበር» አለኝ።

እህቶችና ወንድሞች፣ ዛሬ ማታ በቤታችን ጥግ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ምክራችንን ለጊዜው እናቆየውና ጎኑ እንቀመጥ። አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ መልሱንም እስኪጨርስ እንስማው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሽፋእ ይስጥልን፤ ለሚያስታምሙትም ብርታቱን ያድልልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።