የቃር መድኃኒት፤ አመራረጡና አወሳሰዱ

የመስቀል በዓል በደረሰ ጊዜ፣ በአዲስ አበባና በሌላም ከተማ ለንግድና ለሥራ ተበትኖ የከረመው የእዣ ጉራጌ ወደ አገሩ ወደ አገና ሲጎርፍ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ የታሸው ክትፎ ከቆጮ ጋር ለቀናት ሲቀርብ፣ ከግብዣው ማግስት ደረቱን እየዳሰሰ «ቃር አላስተኛኝም» የሚል ሰው አይታጣም። ይህ ሰው ወደ መድኃኒት መደብር ሄዶ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱን ያሻለውን መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ አንድ ቢመስልም ምክንያቱ ልዩ ልዩ፣ መድኃኒቱም ሦስት ወገን ስለሆነ፣ ከመግዛት አስቀድሞ እያንዳንዱን ከነጠባዩ ማወቅ ይገባል።

ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ በባሕርዩ ጠላት አይደለም፤ ምግብን እንዲያልም፣ አብረው የገቡትንም ተሐዋስያን እንዲገድል የተፈጠረ ነው። ቃር የሚሆነው፣ በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መጋጠሚያ ላይ ያለው ጡንቻ እንደላላ የከረጢት ማሰሪያ ሆኖ አሲዱን ወደ ላይ ሲለቀው ነው። ይህንንም ከሚያባብሱት ውስጥ ቅባት የበዛበት ማዕድ፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ እርግዝና፣ እንዲሁም በልቶ ወዲያው መጋደም ዋነኞቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ወገን አሲዱን የሚያረክሰው አንታሲድ ነው። የማግኒዥየም ትራይሲሊኬት እንክብል በደንብ ታኝኮ፣ ፈሳሹም ጠርሙሱ ተነቅንቆ ከምግብ በኋላ ሲወሰድ በደቂቃዎች ውስጥ ያስታግሣል፤ ኃይሉ ግን ከጥቂት ሰዓት አያልፍም። ማግኒዥየም ያለበት ሆድን ያላላል፣ አሉሚኒየም ያለበት ያደርቃል፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሐኪም ሳያማክር ሁለቱንም አይውሰድ። ዶክሲሳይክሊንን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንንና የብረት እንክብልን ከአንታሲድ ጋር አንድ ላይ የዋጠ ሰው የመድኃኒቱን ጥቅም ስለሚያጣ፣ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ለአንዳንዶቹም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ መተው ግድ ነው።

ሁለተኛው ወገን ለአሲድ አመንጪው ኅዋስ የሚደርሰውን የሂስታሚን ትእዛዝ የሚከለክል ነው። የዚህ በኵር የሆነው ሲሜቲዲን፣ በጄምስ ብላክና በባልደረቦቹ ጥበብ ተገኝቶ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1976 ለሕሙማን ቀረበ፤ ብላክም በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሲሜቲዲን ከሌሎች ብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ፣ ራኒቲዲንም ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ በካይ ነገር ስለተገኘበት በ2020 በአሜሪካ ከገበያ እንዲወጣ ስለታዘዘ፣ ከዚህ ወገን ዛሬ ይልቁን የሚመረጠው ፋሞቲዲን ነው።

ሦስተኛውና ብርቱው ኦሜፕራዞል ነው። ካፕሱሉ ቢከፈት ውስጡ በደቃቅ ፍሬዎች የተሞላ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዷም ፍሬ የጨጓራ አሲድ እንዳያጠፋት ልባስ ለብሳለች። ፍሬዎቹ በአንጀት ሟሙተው በደም በኩል ወደ ጨጓራ ተመልሰው የአሲዱን መርጫ ይዘጋሉ፤ መርጫው የሚነቃውም በምግብ ጊዜ ስለሆነ፣ 20 ሚሊግራሙ ካፕሱል ሳይታኘክና ሳይፈጭ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይዋጣል። የሚጾም ሕመምተኛም፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፣ የጾም ሥርዓቱ ራሱ ለታመመ ሰው ፈቃድ ስላለው ስለ መዋጫው ሰዓት ከሃይማኖት አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይምከር። ኦሜፕራዞልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ14 ቀን በላይ መቀጠል አይገባም፤ ለወራት ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥ አሲዱ ከቀድሞው በርትቶ ሊመለስ ይችላልና።

ሕዝቡ «ጨጓራ አለብኝ» የሚለው ደዌ ግን ብዙ ጊዜ ከአሲድ ብቻ አይመጣም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ተሐዋሲ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እንደተቈጣ አሳየ፤ እርሱና ባልደረባው ሮቢን ዋረንም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችን ብዙ ሰው ይህን ተሐዋሲ ተሸክሞ ይኖራል። ሕክምናውም ኦሜፕራዞል ከአንቲባዮቲኮች ጋር ሆኖ ሐኪም የሚያዝዘው ስለሆነ፣ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ጸጥ አለ ብሎ ማቋረጥ ተሐዋሲውን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል። ለምርመራ የሚሄድም ሰው ኦሜፕራዞል ሲወስድ ከነበረ ይናገር፤ ውጤቱን ሊሸፍን ይችላልና። ለወገብና ለራስ ምታት በልማድ የሚዋጡት አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም ጨጓራን እንደሚያቈስሉ መዘንጋት አይገባም።

ሲገዛም ሁለት ነገር ይታይ። መድኃኒቱ በተሰጠበት ፖስታ ላይ «1×2» ተብሎ ቢጻፍ አንድ ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በእሽጉ ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ዓመት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮጳ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በዚያ አቆጣጠር በ2022 ያበቃውን መድኃኒት በእኛ ቆጥሮ ገና ብዙ ጊዜ አለው ብሎ መዋጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረ፣ ደም ያስታወከው፣ መዋጥ የከበደው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው፣ ደግሞም ሕመሙ ከደረቱ ወደ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሚወጣበት፣ ይህ የቃር ነገር አይደለምና ሌላ ኪኒን ሳይጨምር ሳይውል ሳያድር ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ አጣጥ ወይም ወደ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂድ፤ የጨጓራ ቍስልም ሆነ ካንሰር በኦሜፕራዞል ለጊዜው ሊታገሥ ስለሚችል፣ ማቃጠሉ መቆሙ ብቻውን ለመዳን ምስክር አይሆንም።