ሸጎሌ፦ የሼህ ሆጀሌ ቤትና የግብር ታሪክ

የታሪካዊ ቤት ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በዕድሜውና በግንባታው ጥበብ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር በሚዋሰነው የጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ሸጎሌ የሚገኘው የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን መኖሪያ ግን ተጨማሪ መለኪያ ይጠይቃል፤ ቤቱ በማዕከላዊው መንግሥትና በዳር አገር ገዥዎች መካከል ለነበረው ግንኙነት ቋሚ ማስረጃ ነውና። የሰፈሩ መጠሪያም «ሼህ ሆጀሌ» የሚለው ስም በአነጋገር ተለውጦ የመጣ ነው።

ሼህ ሆጀሌ የአሶሳ ገዥ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን የተመራው ዘመቻ የቤላ ሻንጉልን አገር በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ካዋለ በኋላ ለጊዜው ታስረው ተፈቱ። ወደ ሥልጣናቸው ሲመለሱም የወርቅ ግብር የማስገባት ግዴታ ተጣለባቸው። በዚያ ዘመን ለአንድ ገባር ገዥ በመናገሻ ከተማ ቤት መያዝ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ ግብር ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ማረፊያ፣ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ፣ ለታማኝነትም ምልክት ሆኖ ያገለግል ነበር።

ባለ ፎቁ ሕንፃ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው ሲሆን፣ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጺዎች ጋር ያዳበሩት የቀደምት አዲስ አበባ የአሠራር ስልት ይታይበታል። ይሁን እንጂ የባለቤቱ ሀብት ምንጭ ወርቅ ብቻ አልነበረም። የባሪያ ንግድም ድርሻ ነበረው። ባለቤታቸው ሲት አምና በዚህ ንግድ ስማቸው የታወቀ ሲሆን፣ በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደርም በዚሁ ምክንያት በቁጥጥር ሥር አውሏቸዋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይለወጥ ይከለክላል። ሕጉ ግን በቀጥታ የሚጠብቀው ግድግዳውንና ጣራውን ነው። ቤቱ ታድሶ ለጎብኚ ሲገለጽ በረንዳው ብቻ ከተነገረ፣ ወርቁን ከወንዝ ያጠቡትና ለሽያጭ የተዳረጉት ሰዎች ከታሪኩ ይወጣሉ። ስለዚህ የሸጎሌው ቤት ጥናት ከልኬትና ከፎቶግራፍ ባሻገር አሶሳ ድረስ መዝለቅ፣ የዚያን አገር የቃል ታሪክም ከመዛግብት ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። የቤቱ ታሪክ የተጀመረው ከተገነባበት ስፍራ ርቆ ነውና።