ልጄ «ሲስተር» ልትሆን ነው

አዳማ ውስጥ በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የሰፈሩ ሰው ስሜን ረስቶ በዚሁ ይጠራኛል። ስለዚህ ታናሿ ልጄ አንድ ማታ እራት በልተን እንደጨረስን «እማዬ፣ ሲስተር ልሆን ነው» ስትለኝ ደስ አለኝ። የባንክ ሥራዋን ትታ ነርስነት ልትማር መስሎኝ ነበር።

«እንደ አንቺ አይደለም፤ እንደ መቂዎቹ» አለችኝ።

እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው። ባለቤቴ ለወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከከምባታ ከመጡ ቤተሰቦች የተወለደ ካቶሊክ ነው፤ ልጆቻችንም በእሱ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። ምንኩስና ለእኔ እንግዳ አይደለም። አያቴ ልጆቿን ድራ፣ ባሏን ቀብራ፣ ቆብ ደፍታ ነው የሞተችው። በእኛ ቤት መነኩሲት ማለት የዓለምን ሥራ የጨረሰች አሮጊት ናት። የ24 ዓመት ልጅ ግን ሥራውን ገና መች ጀመረችው? ሠርጓ፣ አቅፈዋለሁ ያልኩት የልጅ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ማታ ከእጄ የወጣ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ባደረግሁት አልኮራም። «ማን ከድቶሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት፤ ሦስት ሳምንትም አኮረፍኳት። በሥራ ዘመኔ ሕመምተኛውን ሳልጠይቅ መድኃኒት ሰጥቼ አላውቅም። ለልጄ ግን ምንም ሳልጠይቃት አዘዝኩላት።

ኩርፊያውን የሰበረው አባቷ ነው። «ሽማግሌ ቢላክብን ሰባት ቤት እንቆጥር፣ የሰውየውን ጠባይና ጤና እናጣራ አልነበር? እነዚህንስ ለምን ሄደን አንጠይቃቸውም?» አለኝ። በማግሥቱ በሞጆ አድርገን መቂ ወረድን።

የተቀበሉን ሲስተር ቡና አፍልተው ጠበቁን። ልጄን ያመሰግኑልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጅዎ ከምን የምትሸሽ ይመስልዎታል?» ብለው ጠየቁኝ። የእኔው ፍርሃት ነበር። «የምትሸሸው ነገር ካለ አንቀበላትም። ሸሽታ የመጣች እዚህም አትቆይም» አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጆሮዬ ተከፈተ።

መንገዱ ምን ያህል ነው?

እኔ ልጅቷ ዛሬ ገብታ ነገ ቆብ የምትደፋ መስሎኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ የመተዋወቂያ ጊዜ አለ፤ ልጅቷ ሥራዋን ወይም ትምህርቷን ሳታቋርጥ በዕረፍት ቀናት እየሄደች ኑሯቸውን ታያለች። ከዚያ በእጩነት ከእነሱ ጋር ትኖራለች። የዚህ ርዝመት እንደየማኅበሩ ይለያያል።

ቀጥሎ ኖቪስ ትሆናለች። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት ቀኖና 17 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ኖቪስ አድርጎ መቀበልን ይከለክላል። ይህ የጸሎትና የትምህርት ጊዜ ከ12 ወር አያንስም፤ ከሁለት ዓመትም እንዲበልጥ አይፈቀድም። ልጅቷ ባሻት ቀን መውጣት ትችላለች፤ ማኅበሩም «ይህ ሕይወት ያንቺ አይደለም» ብሎ ሊያሰናብታት ይችላል።

ከዚያ የድህነት፣ የንጽሕናና የታዛዥነት መሐላ ትፈጽማለች። የመጀመሪያው መሐላ የጊዜ ገደብ አለው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም ተራዝሞ እስከ ዘጠኝ ዓመት ይቆያል። ጊዜው ሲያበቃ ካልፈለገች ትሄዳለች። የዘላለሙ መሐላ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዲያውም በ1633 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበር የዘላለም መሐላ የለውም፤ እህቶቹ በየዓመቱ ያድሱታል።

በተገድዶ፣ በፍርሃት ወይም በማታለል የገባች ኖቪስ መግባቷ በሕጉ ዋጋ የለውም። ባል ያላትም አትገባም። ጤናም ይጠየቃል። እዚህ ላይ እንደ ነርስ አንድ ነገር ልበል፤ ለሠርግ ብለን እንደምንደብቀው የሚጥል በሽታን ወይም የአእምሮ ሕመምን አንደብቅ። ልጅቷ ከቤቷ ርቃ መድኃኒቷን በድብቅ ስትውጥ ወይም ስታቋርጥ የምትጎዳው እሷው ናት።

ያፈርኩበት ጥያቄ

ለመጠየቅ ያፈርኩት ማን ይጦረኛል የሚለውን ነበር። የደም ግፊት መድኃኒቴን የምትገዛልኝ ይህችው ልጅ ናት። ጡረታዬ ስንት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሲስተሯ አልሸፋፈኑልኝም። «ደመወዟን አትጠብቁ። መሐላ ከፈጸመች በኋላ ሠርታ የምታገኘው የማኅበሩ ነው» አሉኝ። የራሷ ንብረት ካላት ከመጀመሪያው መሐላ በፊት አስተዳዳሪውን ራሷ ትመርጣለች፤ ከዘላለሙ መሐላ በፊትም ኑዛዜ ትጽፋለች።

«ብንታመምስ ትመጣለች?» አልኳቸው። በኖቪስነቱ ዓመት ከቤቱ ርቃ ከ15 ቀን በላይ ከቆየች ቀኑን ማካካስ አለባት፤ ከሦስት ወር ካለፈ ደግሞ ዓመቱ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው እንደየማኅበሩ ደንብ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኛም ሦስቱን ታላላቆቿን ሰብስበን ተነጋገርን፤ መድኃኒቱን በየተራ ሊገዙ ተስማሙ። ይህን ሳንጨርስ ብንሸኛት ኖሮ ልጄ ጸሎት ላይ ተንበርክካ የምታስበው የእኔን ኪኒን ነበር።

በዚያ ሰሞን የማዘር ቴሬዛ እናት ከአእምሮዬ አልጠፋ አለች። በ1973 እ.ኤ.አ. አገራችን መጥታ በአዲስ አበባ ቤት የከፈተችውን ማዘር ቴሬዛን ሁላችንም እናውቃታለን። በ1928 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቷ ከቤቷ ስትወጣ የሸኘቻትን እናት ግን ማን ያስታውሳል? ልጅቷ የዘላለም መሐላዋን በ1937፣ የኖቤል ሽልማቷንም በ1979 እ.ኤ.አ. ተቀበለች። እናትና ልጅ ግን ዳግመኛ አልተያዩም። የእኔዋ መቂ ብትሆን አዲስ አበባ የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ምን አስለቀሰኝ?

ቢሆንም አለቀስኩ።

ዛሬ ልጄ ኖቪስ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩና፣ ጎረቤቶቼ ነገሩ አይገባቸውም። «የነርሶቹ ሲስተር ናት የመነኮሳቱ?» ይሉኛል። አስረዳለሁ፤ ሳስረዳም ለራሴ እየገባኝ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ይህ ሁሉ ዓመት የተቀመጠው ልጅቷ እንድትመረምር፣ እንድትመረመርም ነው። ካልሆነላት ትመለሳለች። ብትመለስ «ወደቀች» የሚል ሰው ከቤቴ ቡና አይጠጣም። ክፍሏን አከራዪው፣ ጡረታሽን ይደግፍሻል ያሉኝ ብዙ ናቸው። አላከራየሁትም። በየሳምንቱ አንሶላውን እቀይራለሁ። ብትቆይ ለጉብኝት ስትመጣ ታድርበታለች፤ ብትመለስም ቤቷ ነው።