ከትርፍራፊ ክር የተሠራ የክርስትና ስጦታ

የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና ልጅዋን ለእግዚአብሔር ቤት ከሰጠችው በኋላ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት እንደ ነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 2 ተጽፎ እናገኛለን። መጽሐፉ የመደረቢያውን ዋጋም ሆነ የጨርቁን ዓይነት አይነግረንም፤ የሚነግረን እናቱ የሠራችው መሆኑን ብቻ ነው። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ ነገር ግን ምሥጢሩ በልባችን ጠልቆ የገባው በ2011 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ከአንድ ተማሪ የሒሳብ ደብተር የተነሣ ነው።

በኅዳር ወር የተማሪዎቻችንን ደብተር ስናርም በአንደኛው መጨረሻ ገጽ ላይ ያላዘዝነውን የቁጥር መስመር አየን። 105 የሚለው ቁጥር ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ተጽፏል፤ ከዚያ በኋላ 104፣ 103፣ 102 እያለ እስከ 97 ይወርዳል። ልጁን ጠርተን «ይህ ምንድር ነው? ቁጥሩስ ስለ ምን ይቀንሳል?» ብለን ጠየቅነው። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «የእናቴ የኪሮሽ ሥራ ነው፤ ማታ ማታ የቆጠርሁትን ነው የጻፍሁት» አለን። ባልንጀሮቹ የሴት ሥራ ይሠራል ብለው እንዳይስቁበት ፈርቶ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቲቱ እንጀራ እየሸጠች ልጆችዋን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። በጥቅምት መጀመሪያ ጎረቤትዋ ሴት ልጅ ስለ ወለደች ክርስትና እናት እንድትሆን ለመነቻት። ሕፃንዋ የተወለደች 15 ቀን ሆኗት ነበርና እስከ ጥምቀትዋ 65 ቀን ቀርቷል። በኩፋሌ መጽሐፍ እንደ ተነገረው አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ስለ ገቡ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን እንደምታጠምቅ አንባብያን ያውቃሉ።

ሴትዮዋ ግን ከደስታዋ ይልቅ ጭንቀትዋ በዛ። «ሌሎቹ ከሱቅ ብርድ ልብስ ከነመያዣው ገዝተው ይመጣሉ፤ እኔ በባዶ እጄ እንዴት እቆማለሁ? ታምሜአለሁ ብዬ ልልክባት አስቤ ነበር፤ መምህር» ስትል በግልጽ ነገረችን። እግዚአብሔር የሰጣትን የእናትነት ማዕረግ በገንዘብ እጦት ምክንያት ልትመልሰው ነበር ማለት ነው። ይህን በሰማን ጊዜ እጅግ አዘንን፤ እንደ እርስዋ አፍረው የቀሩ ስንት ይሆኑ ብለንም አሰብን።

ኋላ ግን ሣጥንዋን ብትከፍት ከልዩ ልዩ ሥራ የተረፈ ቀይ፣ ብጫና አረንጓዴ የክር ልቃቂት አገኘች። ልጅዋ ያደገበትን ሰማያዊ ሹራብ ተርትራ፣ ክሩን አጥባና ዘርግታ አድርቃ እንደ አዲስ ጠቀለለችው። ነጩን ብቻ ሁለት ጥቅል፣ ማለት 200 ግራም፣ ከሱቅ ገዛች። ከእነዚህም መስመር መስመር ያለው የሕፃን መታቀፊያ ጀመረች። መስመሩን ያወጣችው ለጌጥ ብላ አይደለም፤ ከአንዱም ቀለም ለሙሉ ሥራ የሚበቃ ስላልነበራት ነው። የሚበዛውን ነጩን በየመካከሉ አስገብታ ጥቂት ጥቂት የሆኑትን ለያየቻቸው። ተራው እንዲህ ነበር፦ ሰማያዊ 3 ረድፍ፣ ነጭ 2፣ ቀይ 2፣ ነጭ 2፣ ብጫ 2፣ ነጭ 2፣ አረንጓዴ 2። ይህ 15 ረድፍ ነው፤ አራት ጊዜ ሲመለስ 60 ረድፍ ይሆናል።

ታዲያ ወርዱ ስለ ምን ጠበበ? ሴትዮዋ በልጅነትዋ ዳንቴል መሥራት ተምራለች፤ ነገር ግን የሠራችው ሁሉ ክብ ክቡን የጠረጴዛ ልብስ ነበር። ክብ ሥራ ዳር የለውም፤ ሄዶ ሄዶ ከራሱ ጋር ይገናኛል። ባለ አራት ማዕዘን ሥራ ግን በየረድፉ ጫፍ ይመለሳልና ስሕተቱ ከዚያው ከመመለሻው ላይ ነው።

ሥራውን ለማያውቁ እኅቶች በአጭሩ እንግለጸው። ውፍረቱ መካከለኛ በሆነ ክርና በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ አስቀድሞ 107 የሰንሰለት ቀለበት ይሠራል። ከዚያ ክሩን አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ጠምጥሞ፣ ከኪሮሹ ወዲያ አራተኛ በሆነው ቀለበት ውስጥ አስገብቶ ክር መሳብ፤ በኪሮሹ ላይ ካሉት ሦስት ቀለበቶች ሁለቱን፣ ቀጥሎም የቀሩትን ሁለቱን ማሳለፍ ነው። ይህን አንዱን ሥራ ዐይን እንበለው። የታለፉት ሦስት ቀለበቶች እንደ አንድ ዐይን ስለሚቆጠሩ የመጀመሪያው ረድፍ 105 ዐይን ይሆናል። ሥራው ሲዞር ሦስት ሰንሰለት ይሠራል፤ እርሱም የአዲሱ ረድፍ መጀመሪያ ዐይን ነው። የረድፉ መጨረሻ ዐይን የሚሠራው በቀደመው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት ራስ ላይ ነው። ሴትዮዋ ከ13ኛው ረድፍ ጀምራ ይህችን የመጨረሻዋን ዐይን ሳታያት ታልፋት ነበር። በየረድፉ አንዲት ብቻ ስለ ጠፋች ለዓይን አልታየችም፤ በስምንት ረድፍ ግን ስምንት ጠፋች። ኃጢአትም ወደ ሰው ቤት የሚገባው እንዲሁ በየቀኑ አንዲት እየሆነ አይደለምን?

ሴትዮዋ ይህን ባየች ጊዜ «እንግዲህ ከዚሁ ላይ ላስፋው ወይስ ልተርትረው?» ብላ ተከዘች። ከዚያም ምንም ሳትናገር ክሩን ይዛ ስምንቱን ረድፍ ተረተረችው። የኪሮሽ ሥራ ለዚህ ይመቻል፤ በሁለት መርፌ እንደሚሠራው ሹራብ ብዙ ቀለበት ተከፍቶ አይቆይም፤ ክፍት የሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ስለ ሆነ እስከ ተፈለገው ድረስ ተፈትቶ እንደ ገና ይጀመራል። ክሩም አይጠፋም። ንስሐንም የሚፈሩ ሰዎች ቢኖሩ ይህን ቢመለከቱ መልካም ነው።

አሁን የቀረው 45 ቀን ነው፤ የቀረው ሥራ 48 ረድፍ ነው። ለመጨረሻው ማጠናቀቂያ 5 ቀን ቢተው ለ48 ረድፍ 40 ቀን ይቀራል። ልጁም ሒሳቡን ራሱ ሠርቶ «በ32 ቀን አንድ አንድ ረድፍ፣ በ8 ቀን ሁለት ሁለት» ሲል ለእናቱ ነገራት። እንደዚሁም ክሩ ይበቃ እንደ ሆነ ለማወቅ የተሠራውን 12 ረድፍ በባለሱቁ ሚዛን ቢያስመዝኑት 96 ግራም ሆነ። ስለዚህ አንዱ ረድፍ 8 ግራም፣ ጠቅላላው 480 ግራም ይፈልጋል፤ ያለው ክርም በቃ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን አልደበቀም።

ነገራችንን ጥቂት ሰፋ አድርገን ብናየው፣ ኪሮሽ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው፤ ዳንቴልም ከዚያው ቋንቋ ጥርስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ ድንች በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ ብዙ ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩና እየሸጡ ቤተ ሰባቸውን ረድተዋል፤ ደናግል መነኮሳይያትም አስተምረዋቸዋል። እንግዲህ ይህች መንጠቆ ከጥንት ጀምሮ የድኻ መሣሪያ ናት፤ ሊያፍርባት የሚገባ የለም።

60ው ረድፍ በጊዜው ተፈጸመ፤ ወርዱ 75፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። 28 መስመር ስላለው 56 የክር ጫፍ ተንጠልጥሏል። በአምስቱ ቀን ውስጥ አንድ ስንዝር የተተወውን እያንዳንዱን ጫፍ በወፍራም መርፌ ወዲያና ወዲህ መልሳ ደበቀችው። ቀዩ ክር ነጩን እንዳያቀልም አስቀድማ ጥቂቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አጥባ ፈትናው ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ሕፃንዋ ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ነጭ ልብስዋን ለብሳ፣ ማዕተብዋ ታስሮላት ሥጋውንና ደሙን ከተቀበለች በኋላ በዚያ መታቀፊያ ተጠቅልላ ወጣች። በደጀ ሰላም የነበሩ አንዲት ባልቴት ቀለሙን አይተው «ልጄ የማርያም መቀነት ለብሳለች» ብለው ባረኳት። ሕዝባችን ቀስተ ደመናን በዚህ ስም ይጠራዋል፤ እርሱም እግዚአብሔር ለኖኅ የሰጠው የቃል ኪዳን ምልክት ነው። ክርስትናም ቃል ኪዳን ስለ ሆነ የባልቴቲቱ ምርቃት ያለ ቦታው አልዋለም።

ከሱቅ የተገዛው ብርድ ልብስ ለእንግዳ ተብሎ ከነመያዣው በቁም ሣጥን ተቀመጠ። መስመር ያለው ግን በ2013 ዓ.ም. ስንጠይቃቸው ሕፃንዋ በቤት ወለል ላይ ተነጥፎላት ስትጫወትበት አየነው። አንደኛው ሰማያዊ መስመር ጥቂት ደብዝዟል። ክርስትና እናትዋም በየሳምንቱ እየመጣች አቡነ ዘበሰማያትን ታስጠናታለች። ከስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል።

ሥራውን ለመጀመር ለሚያስቡ እናቶች ጥቂት ምክር እንጨምራለን። የሕፃን ጣት እንዳይገባና እንዳይታነቅ ዐይኑ ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ዘርፍ፣ ዶቃና ቁልፍ አይደረግበት። ሰው ሠራሽ ክር በእሳት ስለሚቀልጥ ከከሰል ማንደጃ ይራቅ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ በጀርባው ይተኛ እንጂ ልል የሆነ ብርድ ልብስ አይደረብለት፤ ፊቱም አይሸፈን፤ ትንፋሹን ሊያግደው ይችላልና። ብርድ ቢሆን የሚያሞቅ ልብስ በአካሉ ላይ ይልበስ። መታቀፊያው ሕፃኑ ነቅቶ በእናቱ ክንድ ላይ ሳለ የሚሆን ነው።

ክርስትና አባትና እናት እንድትሆኑ የተለመናችሁ ወገኖች ሆይ፤ በእጃችን የለም ብላችሁ አትቅሩ። ልጅ የሚያስጠሩ ወላጆችም ስጦታ አንመዝን፤ የሚያስተምርልንን ሰው እንፈልግ። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ትርፍራፊ ልቃቂት አይጠፋም፤ ለየብቻው ለምንም አይበቃም፤ ተራ ተሰጥቶት ሲያያዝ ግን ሕፃን ይሸፍናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ያሉ አባቶቻችን ይህን አይተው ነው።

የሐናን ሥራ የተቀበለ አምላክ የእናቶቻችንን የእጅ ሥራ ይባርክ፤ በማዕተብ የታሰሩትንም ሕፃናት በሃይማኖት ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።