ከቤጌምድር ወጥቶ የተመለሰ ጥያቄ

ርብና ጉማራ ከሚመነጩበት ከጉና ተራራ ሥር፣ ከደብረ ታቦር እስከ ጋይንት በተዘረጋው ደጋ፣ ልቡናው የታወከ ሰው በዘመዶቹ እጅ ተይዞ ከቤት በሚወጣበት ጊዜ የሚሄድበት መንገድ አንድ ሆኖ አያውቅም። አንዱ ወደ ጠበል፣ ሌላው ክታብ ወደሚጽፍ ደብተራ፣ ሌላው በስውር ወደ ባለ ዛር ቤት፣ በዘመናችን ደግሞ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ብዙውም እነዚህን ሁሉ በየተራ፣ አንዳንዴም ባንድነት ይዞራቸዋል። ይህ ልማድ የድንቁርና ምልክት ብቻ ተብሎ ይናቅ በነበረበት ዘመን፣ የሙያቸውን አጥር ተሻግረው ሊመረምሩት የደፈሩ ጥቂት ሰዎች ያገኙት ዕውቀት፣ የሰውን ልቡና ስለሚያጠናው ትምህርት ራሱ ያልታሰበ ነገር ገልጧል፤ ያም ዕውቀት ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ በዚህ አገር እንደ ዛሬ የሚያስፈልግበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ሰዎች ቀዳሚው ሐኪምም የሥነ ልቡና ሊቅም ያልነበረ ባለቅኔ ነው። ሚሼል ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል ይመራ ከነበረው ከዳካር ጅቡቲ የምርምር ጉባኤ ጋር በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ሲገባ፣ ፓሪስ ሳለ የፍሮይድን ፍኖት በሚከተል ሐኪም ዘንድ ራሱ ሲታከም የቈየ ሰው ስለ ነበር፣ የሌላውን ነፍስ ከመመርመሩ አስቀድሞ የራሱን አስመርምሮ ነበር። በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ መልካም አያሁ በምትባል የዛር መሪ ቤት እየተመላለሰ፣ የዛሩ «ፈረስ» የሆነው ሰው ሲያጓራ፣ ዛሩም ስሙንና ማዕርጉን ሲናገር፣ ታዳሚውም ሲያጨበጭብለት ለወራት አየ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው ፍርድ፣ በዛር የተያዘው ሰው ቀጣፊ ተዋናይም ፈጽሞ ራሱን የሳተ ድውይም ሳይሆን በሁለቱ መካከል የሚኖር፣ ተውኔቱን በነፍሱ የሚኖረው ሰው መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ያው ጉባኤ የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አውርዶ ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ ሥዕሎቹም እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው፤ ከዚህ ጉዞ የተገኘውን ዕውቀት የምናመሰግን ሁሉ ይህን በደል አብረን ማሰብ ይገባናል።

መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት ሲሞን መሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ፣ በጎንደር ካደረገው ጥናት ተነሥቶ የዛርን ማኅበር እንደ ኅብረት ሕክምና የሚያየውን ጽሑፉን አወጣ። ባሏ ችላ ያላት ሴት ዛሯ በሚጠይቀው ልብስና ሽቶ ምክንያት የተነፈገችውን ክብር እንደምታስመልስ፣ ብቸኛውም ሰው በዚያ ቤት ወገን እንደሚያገኝ አመለከተ። ቤተ ክርስቲያን ዛርን ታወግዛለች፤ ውግዘቷም በቦታው የጸና ነው፤ ነገር ግን ሰዎች ስለ ምን ወደዚያ ቤት እንደሚሄዱ ያላወቀ አጥማቂም ሐኪምም ከዚያ ሊመልሳቸው እንዴት ይችላል?

የነገሬ እምብርት ግን ሦስተኛው ሰው ነው። የባህል ተመራማሪው አለን ያንግ ስለ ቤጌምድር አማራ የደዌና የፈውስ እምነት የጻፈውን የዶክትሬት ድርሳን እ.ኤ.አ. በ1970 ለፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ካቀረበ በኋላ፣ በ1975 አማሮች በቁራኛ የሚያዙበትን ምክንያት የሚመረምር አንድ ጽሑፍ፣ ስለ ደብተራው ጥበብም ሌላ ጽሑፍ አከታትሎ አሳተመ። ከመጽሐፍ እየተቀዳ፣ ነገር ግን በምስጢር እየተጠበቀ የሚኖረውን፣ ባለቤቶቹም እንደ ሐኪሞች በማኅበር የማይተዳደሩበትን ይህን ሙያ እንደ ማንኛውም ሙያ በአክብሮት መረመረው። የአገራችንም ሕዝብ የደዌን መነሻ በሥጋ ውስጥ ከሚሆነው ነገር ይልቅ ሕመምተኛው ከሰው፣ ከመንፈስና ከፈጣሪ ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ እንደሚፈልገው በማስተዋል ጽፏል።

አስደናቂው ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ይህ ሰው በቤጌምድር ደብተሮችና ባለ ዛሮች ፊት የጠየቀውን ጥያቄ፣ ይኸውም ስለ ደዌ የሚታመነው ነገር ከየት ይመጣል፣ ማንስ ያጸናዋል የሚለውን፣ ይዞ ወደ ገዛ አገሩ ሐኪሞች ሄደ። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሐኪሞቹን ልክ ደብተራውን እንዳጠናው አጠናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1995ም ከአሰቃቂ ድንጋጤ በኋላ ስለሚመጣው የአእምሮ ሕመም ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 በመዝገቡ ያሰፈረው ይህ ሕመም፣ ከዘመናት በፊት ጀምሮ በአንድ መልክ የኖረ ነገር ሳይሆን፣ በመጠይቅ፣ በምርመራ ሥርዓትና በትረካ ተያይዞ በታሪክ ውስጥ የቆመ መሆኑን አስረዳ፤ የወታደሮቹን ሥቃይ ግን እውነትነቱን አንድም ጊዜ አልካደም። በዚያው መጽሐፍ ስለ እንግሊዛዊው ሪቨርስ በሰፊው መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ቶሬስ ወሽመጥ ደሴቶች ሄዶ የሰዎቹን ባሕርይና ዝምድና ያጠና፣ በኋላም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነፍሳቸው የታወከ መኰንኖችን ያከመ፣ ሐኪምም የባህል ተመራማሪም የነበረ ሰው ነውና።

አሁን ያ ጥያቄ ወደ ወጣበት አገር ተመልሷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ለቀናት ተይዛ በነበረች ጊዜ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከጥቂት ወራት በኋላ በዝርዝር አውጥቶታል፤ በደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአማራ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች፣ አለን ያንግ መነሻውን የመረመረው ያው ሕመም የሚለካበትን መጠይቅ ይዘው በጦርነቱ የተጎዱትን ይጠይቃሉ። መጠይቁን አልነቅፍም፤ ቍጥር ከሌለ በጀትም መድኃኒትም አይመጣምና። ሆኖም በዚያ ወረቀት ላይ ሴቲቱ ስለ ሌሊት ቅዠቷና ስለ ድንጋጤዋ ስትጠየቅ፣ የነፍስ አባቷ ምን እንዳሏት፣ ጎረቤት በምን ዓይን እንደሚያያት፣ ሬሳው ሳይገኝ የቀረው ልጇ ለቅሶ ተለቅሶለት እንደ ሆነ፣ ተዝካሩስ ወጥቶ እንደ ሆነ የሚጠይቃት ከሌለ፣ የሥቃይዋ ግማሽ ከምርመራው ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

መጠይቁን ከአገሬው ዕውቀት ጋር ማገናኘት እንደሚቻል በገዛ አገራችን ታይቷል። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተደረገው ጥናት፣ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው 68,378 ሰዎችን ሲያጣሩ የውጭውን መጠይቅ ብቻ ሳያምኑ፣ በየመንደሩ የታመነ ነባር ሰው የታመመውን እንዲጠቁም አድርገዋል፤ በመጠይቁ ብቻ ቢሆን ይሰወሩ የነበሩ ድውያንም በዚህ መንገድ ተገኝተዋል። በእንጦጦ ማርያምም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከጠበሉ አገልጋዮች ጋር ተስማምተው፣ ጠበልተኛው ጠበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም እንዲወስድ ያደረጉበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሞ ለዓለም ሐኪሞች ቀርቧል። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ዘመን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በአደባባይ ማስተማራቸው ለዚህ መንገድ ጠርጎለታል። በሰንሰለት ታስሮ የሚከርመው ሕመምተኛ፣ «መድኃኒቱን ጣል» እየተባለ የሚባባስበትም ሕመምተኛ ዛሬም በየቦታው አለና፣ ይህ ስምምነት ከበጎ ፈቃድ የሚቈጠር ሳይሆን ነፍስ የሚያድን ግዴታ ነው።

ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምንጩ ዙር አምባ ያሉባት የሊቃውንት አገር ናት። እንግዲህ ለነፋስ መውጫና ለአካባቢዋ የሚደረገው ቀጣይ ጥናት ሲታቀድ፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የማኅበራዊ ጥናት መምህራን የመጠይቁን ረቂቅ ይዘው ከነፍስ አባቶች፣ ከዕድር ዳኞችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ገና ከመጀመሪያው ይቀመጡበት፤ እነዚህም ሰዎች መረጃ ሰጪ ብቻ ሆነው ሳይቀሩ ጥያቄ አውጪዎች ይሁኑ። የፈውሱ መለኪያም በመጠይቁ ላይ ከሚያንሰው ነጥብ ጋር አብሮ፣ ሴቲቱ ገበያ መውጣቷን፣ የወር ማኅበሯን ጽዋ መልሳ መቀበሏን፣ ገበሬውም የተወውን ማሳ መልሶ ማረሱን ይቍጠር፤ እንዲህ ያለውን መለኪያ ከውጭ የሚልክልን የለም።